ኮምጣጣ ቢራ በአማቴ ሳሎን

ወንድሜ «ለሁለት ቀን ነው» ብሎ መጣ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ አንገር ጉቲን ወደሚኖረው አባታችን ሲወርድ ነቀምቴ ላይ አድሮ፣ እኔን አይቶ፣ የገዛልኝን መጽሐፍ ሰጥቶኝ ሊያልፍ ነበር። በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ለምሳ ሳልቀመጥ ሻንጣውን በትከሻው እንዳንጠለጠለ ተመለሰ። የቆላው መንገድ ተዘግቷል። ማን እንደ ዘጋው፣ እስከ መቼ እንደሚዘጋ የሚነግረው ሰው አላገኘም። ረዳቶቹ «ነገ» ይላሉ፤ ነገ ሲደርስም «ነገ» ይላሉ። ወደ አዲስ አበባ ይመለስ እንዳይባል ይሠራበት የነበረው ቤት ተዘግቶ ነው የመጣው። ወደፊትም ወደኋላም ሳይል ከእኛ ጋር የካቲት ገባ።

«ከእኛ ጋር» ስል አማቴ ግቢ ማለቴ ነው። ባለቤቴ ከሞተ በኋላም የምኖረው እዚያው ነው። ልጅ አልወለድንም። ሂጂ ያለኝ የለም፤ ወዴት ትሄጃለሽ ያለኝም የለም። አማቴ «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔም በእሳቸው ቋንቋ «ሃርሜ»፣ እናቴ፣ እላቸዋለሁ። ወደዚህ ቤት ስገባ ትምህርቷን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች፣ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ልጅ ነበርኩ። የማታ ትምህርት እንድጀምር ያሉት አማቴ ናቸው። በዕድሜ ከሚያንሱኝ ተማሪዎች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተጣብቄ ስማር ቆይቼ ስመለስ፣ ባትሪ ይዘው የግቢውን በር የሚከፍቱልኝም እሳቸው ነበሩ። ዛሬ የምሠራበትን የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ስዳብሰው የማስበው እሳቸውን ነው።

ለዚህ ሁሉ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው። በሠርጌ ሰሞን፣ ዕቃ እያጠብን፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «በዚህ ግቢ መጠጥ አይገባም። በአንቺም አፍ አይገባም» አሉኝ። እሺ አልኩ። በኋላ በእሳቸው ቤተ ክርስቲያን ስጠመቅ ያንኑ እሺታ በሰው ፊት ደገምኩት። ክፉ አማት ቢሆኑ ኖሮ ቃሉን ማፍረስ አይከብደኝም ነበር። ደግ ናቸው፤ ስለዚህም የት ተሸሽጌ ልቅመስ ብዬ እንኳ አስቤ አላውቅም።

ወንድሜ ግን መቀመጥ የማይችል ፍጥረት ነው። ከግቢው በር እስከ ዘይቱናው ዛፍ፣ ከዘይቱናው እስከ በሩ ሲመላለስ ሣሩን ገደለው። ነቀምቴ እንደ ቆላው ባታቃጥልም የዚያን ሰሞን ሙቀት ቆርቆሮውን ሲያንጣጣው ይውላል፤ የቧንቧ ውሃ በሳምንት አንዴ ይመጣል፤ ሲመጣም ሞቆ ነው የሚመጣው።

«እታለም፣» አለኝ አንድ ከሰዓት፣ ከቤተ መጻሕፍት ስመለስ በር ላይ ጠብቆ። «እዚህ አገር ሰው ሙቀቱን በምን ይችለዋል?»

«በትዕግሥት።»

«ትዕግሥት ጠጥቼ ሞከርኩት። አይቀዘቅዝም።»

አዲስ አበባ ሲሠራ የነበረው ቢራውን እዚያው ጠምቆ እዚያው በሚሸጥ ትንሽ ቤት ውስጥ ነው። በፋብሪካ ጠርሙስ የማይገባ፣ በየሳምንቱ ጣዕሙ የሚለያይ ቢራ ነው የሚሠሩት። ከሁሉም እሱ የሚወደው ሆን ተብሎ የሚኮመጥጠውን ነው፤ ቀላል፣ ለሙቀት የሚሆን፣ ሰው ሦስት ብርጭቆ ጠጥቶ ጠረጴዛውን ሳይገለብጥ ወደ ሥራው የሚመለስበት። ይህን ሲነግረኝ ሳቅኩበት። እናታችን ጠላ ጠምቃ ነው ያሳደገችን። አንድ ጋን ኮመጠጠ ማለት በእኛ ሰፈር አንድ ላም ሞተች ከማለት አይተናነስም ነበር። ጎረቤት ሊያጽናና ይመጣል።

«ሰዉ ገንዘብ ይከፍልበታል?»

«ተሰልፎ።»

«የከተማ ሰው ኃጢአቱ ብዙ ነው፣» አልኩት።

እንዴት እንደጀመረው በዝርዝር አላየሁም። አንድ ቀን ስገባ ከጓሮ ካለችው፣ እሱ ከሚተኛባት ክፍል የተቆላ ገብስ ሽታ ይመጣል። ብቅሉን ከገበያ ገዝቷል። ፈጭቶ፣ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፎ፣ አጥልሎ፣ አፍልቶታል። ከዚያ የሰው ገላ ያህል ለብ ሲል ከእርጎ ላይ የቀዳውን አጓት ጨምሮበት፣ በርሜሉን የእኔን ጋቢ አልብሶ አስተኝቶታል። ሁለት ሌሊት ካልሞቀው አይኮመጥጥም አለኝ። አልጋው ላይ በርሜሉ ተኝቷል፤ እሱ መሬት ላይ። ዕቃውን አዲስ አበባ በኬሚካል ነበር የሚያጥቡት፤ እዚህ ግን በግራዋ ቅጠል አሽቶ ነው ያጠበው። ግራዋ ደግሞ በየአጥሩ ሞልቷል። ሲኮመጥጥለት ዳግመኛ አፍልቶ ጥቂት ጌሾ ጣል አደረገ፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ከአዲስ አበባ በብልቃጥ ይዞት የመጣውን እርሾ፣ ቀጥሎም ከዲጋ በኩል የሚመጣውን ጥሬ ማንጎ ፈቅፍቆ ጨመረበት። ቀጥ ብሎ ሲሠራ ሳየው እናታችንን መሰለኝ። ስታጠልል ምላሷን በጥርሷ ትይዝ ነበር፤ እሱም ይይዛል።

አማቴ ዓይን እንጂ ምላስ የማያበዙ ሴት ናቸው። በሩ ላይ ቆሙ።

«ምንድን ነው?»

«የገብስ ጁስ ነው፣ ሃርሜ፣» አለ ወንድሜ።

«ጁስ።»

«ኤዬ፣» አለ፣ አዎ ማለቱ ነው።

«ጁስ ጌሾ አለው?»

«ለጠረን ነው። ትንሽ።»

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። እኔ በእጄ ወዳለው መጽሐፍ አየሁ። ከመንገድ ላይ የቀረ እንግዳን፣ ያውም የምራታቸውን ወንድም፣ ገመናውን አውጥቶ ማሳፈር በእሳቸው ዘንድ ከመጠጥ ያልተናነሰ ነውር ነው። ትንሽ አሰቡና «ሳይፈላ የሚያልቅ ከሆነ ጁስ ነው፣» ብለው ሄዱ። እግዚአብሔርንም እንግዳንም ያላስቀየመ ፍርድ ነበር።

ጁሱ ግን ፈላ። ወንድሜ በውሃ ፕላስቲክ ሞልቶ ከመኝታው ሥር ደርድሮት ነበር። እሑድ ከሰዓት አማቴ የጸሎት እህቶቻቸውን ሳሎን ሰብስበው፣ ለመንገዱ መከፈት እየጸለዩ ሳለ ከጓሮ «ጧ» አለ። በዚያ ሰሞን በእኛ ከተማ እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምቶ «ምን ይሆን?» የሚል ሰው የለም። ሴቶቹ ከሶፋው ወደ ምንጣፉ ወረዱ። እኔም ከነሻይ ትሪዬ በበሩ ጥግ ቁጭ አልኩ። ሁለተኛውን ጠበቅን። ሁለተኛው መጣ። ከኋላው ደግሞ ሽታው፤ የማንጎና የእርሾ፣ ጥርት ያለ የቢራ ሽታ፣ በመጋረጃው ሥር ገባ።

ከሴቶቹ አንዷ፣ ፊቷ እንደ ተደፋ፣ አፍንጫዋን አነሳች። «ይሄ ጥይት ይሸታል?»

«ጁስ ነው፣» አሉ አማቴ ከምንጣፉ ላይ።

«ጁሳችሁ ተቆጥቷል።»

ከሳቁ በኋላ ጸሎቱ ቀጠለ። አማቴ ግን አልሳቁም። እንግዶቹን ሸኝተው ሲመለሱ ወንድሜ መሬቱን በጨርቅ ሲጠርግ አገኙትና በአማርኛ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እያስቀመጡ፣ «ልጄ፣ አንተ በዚህ ቤት እንግዳ ነህ። እሱ ግን እንግዳ አይደለም፣» አሉ በእግራቸው ወደ ፕላስቲኮቹ እያሳዩ። «እስከ ሐሙስ ይውጣ።»

ሐሙስን እንዲያው አልጠሩትም። ሐሙስ በእጀባ የሚሄዱ የጭነት መኪኖች ወደ ቆላው እንደሚንቀሳቀሱ በከተማው ተወርቷል። ወንድሜ ማታውኑ «በሐሙሱ መኪና እሄዳለሁ» አለኝ። «ጭነት ላይ ተቀምጬ። አባቴን አግዛለሁ፤ በቆሎም ቢሆን እዘራለሁ። እዚህ አንቺን ከማስጨነቅ።»

ስለዚያ መንገድ የምናውቀውን ሁሉ እሱም እኔም እናውቃለን። ማን ወጥቶ እንዳልደረሰ፣ ማን ደርሶ እንዳልተመለሰ፤ ስም መጥራት አያስፈልግም። አባታችን ራሱ በስልክ፣ መስመሩ ሲሠራ፣ «ባለህበት እደር፣ እኔ እንደሆነ አልጠፋም» ብሎታል። ደግሞ የራሴንም ልናገር። ወንድሜ በመጣ ጊዜ በዓመታት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በእናቴ አነጋገር ከአንድ ሰው ጋር ማውራት ጀምሬ ነበር። አማርኛ በመሥሪያ ቤቴም እናገራለሁ፤ እሱ የመጽሐፍ ነው። «አብሽሪ»፣ አይዞሽ፣ የሚለኝ ሰው ግን በዚህ ከተማ እሱ ብቻ ነው። እንዳይሄድ ፈለግኩ። አንድን ነገር እንዲህ አጥብቄ ከፈለግኩ ቆይቷል።

መናኸሪያው አጠገብ ሆቴል ያላቸው ሰው የአማቴ የሩቅ ዘመድ ናቸው። ወንድሜ መኪና ሲጠብቅ በረንዳቸው ላይ ሲውል ተዋውቋቸዋል። ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር ለስላሳና የፋብሪካ ቢራ በመንገዱ መዘጋት ይጠፋባቸዋል፤ ማቀዝቀዣቸው ባዶ ነው። እዚሁ የሚጠመቅ መጠጥ ቢገኝ፣ ለሠሪው ከጓሮ ክፍል አለኝ ብለውታል። ግን ሳይቀምሱ ቃል አይሰጡም። ፕላስቲኮቹን በባጃጅ ልኬ ላሳያቸው ቢል በዚያ ጉድጓድ መንገድ ላይ አንዱም ሳይፈነዳ አይደርስም። ስለዚህ ረቡዕ ከሰዓት እሳቸው ይመጡ፤ አማቴን ለመጠየቅ እንደመጡ ይሁን፤ እግረ መንገዳቸውን ይቅመሱ ተባለ።

ወንድሜ ይህንኑ ለአማቴ ነገራቸው። «ዘመዴ ቤቴ ሲመጣ በሩን አልዘጋም፣» አሉ። «ከእሱ በኋላ ግን ይውጣ።»

ረቡዕ ሰውዬው መጡ። ረጅም፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ የሚያሳርፉ፣ በሰላምታ የማይቸኩሉ ሽማግሌ ናቸው። «አከም ጂርቱ፣ ነጋ?» ተባባሉ ከአማቴ ጋር፤ ስለ ከብት፣ ስለ ጉልበት ሕመም፣ አርጆ ስላሉት ዘመዶቻቸው ተጠያየቁ። አማቴ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በጭናቸው ላይ እንዳደረጉ ነበር። ሻይ አቀረብኩ። ሰውዬው ሻዩን አመስግነው አስቀመጡትና ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

«እስቲ ያንን የሚሉትን ነገር፣» አሉ ወንድሜን።

ወንድሜ ከጓሮ በማሰሮ ውሃ ሲያቀዘቅዘው የዋለውን ቀድቶ በጆግ ይዞ መጣ። ቀለሙ የገለባ ነው፤ ከላዩ ስስ ነጭ አረፋ አለው። ሊቀዳ ጎንበስ አለ። ጆጉ ከብርጭቆው ጠርዝ ጋር ሲጋጭ ሰማሁ። ያኔ ነው የተነሳሁት። ሳላስብ አደረግኩት ብዬ ብጽፍ ሐሰት ይሆናል፤ አስቤያለሁ፤ ያሰብኩት ግን ሌላ ነው። በእናቴ ቤት ሴት እያለች ወንድ ለእንግዳ ከቀዳ ቤቱ ሰው የለውም ይባላል። ሰውዬው እንዲህ እንዳይሉ ፈልጌ ጆጉን ከወንድሜ እጅ ተቀበልኩ። በሁለት እጄ ይዤ፣ ትንሽ ጎንበስ ብዬ፣ ብርጭቆውን ሞላሁላቸው።

ሰውዬው ብርጭቆውን አላነሱም። ቀና ብለው አዩኝ።

«አዴ፣» አሉ፣ ወይዘሮ እንደማለት፣ «አልቀመስሽልኝም።»

ጆጉን እንደያዝኩ ቀረሁ። ይህን ልማድ የማላውቅ አልነበርኩም። የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ እንግዳው የሚጠጣው ከዚያ በኋላ ነው። እናቴ በቀን ስንት ጊዜ ስታደርገው አይቻለሁ። ወንድሜ ቀድቶ ቢሆን ኖሮ እሱ ነበር የሚቀምሰው። ጆጉን ነጥቄ የያዝኩት እኔ ነኝ።

«ወንድሜ ይቅመስልዎት፣» አልኩ። «የሠራው እሱ ነው።»

«የሠራው አይቆጠርም። የቀዳው ነው።» በቁጣ አልነበረም የተናገሩት፤ ለእሳቸው ብርጭቆ ታጥቦ እንደሚቀርብ ያህል የታወቀ ነገር ነው። «እናቴ ሳትቀምስልኝ አልጠጣሁም፤ ሚስቴም ሳትቀምስልኝ አልጠጣም። በሆቴሌም የሚቀዳው ሰው ለማይቀምሰው መጠጥ ቦታ የለኝም።»

ወንድሜ «ኦቦ፣ እሷ እኮ አትጠጣም፣ ጴንጤ ናት» አለ።

«እኔ ምን አልኩ? ጠጪ አላልኳትም። ቅመሺ ነው ያልኩት።»

አማቴ መጽሐፍ ቅዱሱ ላይ እጃቸውን አድርገው አዩኝ። ቢቆጡ ኖሮ፣ «ተዪው» ቢሉ ኖሮ፣ ጆጉን አስቀምጬ እወጣ ነበር። ጥያቄ ሲጠይቁኝ መልሱን ሳይጠቁሙ የሚጠብቁ የማታ መምህራን ነበሩኝ፤ እንደዚያ ነው ያዩኝ። በመስኮቱ በኩል ከመንገዱ ማዶ የቆመ የጭነት መኪና ላይ ሰዎች ማዳበሪያ ሲጭኑ ይታየኛል። ለነገው ነው። ከፊቴ ሰውዬው፣ ከጎኔ አማቴ፣ ከኋላዬ ወንድሜ። በዚያች ጠባብ ምንጣፍ ላይ አንድ እርምጃ የምራመድበት ቦታ አልነበረም።

ግራ መዳፌን አጎድጉጄ ጠብ አደረግኩበት። ሲያርፍብኝ ቀዘቀዘኝ። ወደ አፌ አነሳሁት።

መጀመሪያ ነከሰኝ። ከምላሴ ጫፍ ሳይሆን ከጎንና ከጎን፣ ጉንጬ ውስጥ፤ አፌ በውሃ ተሞላ። ቀጥሎ ማንጎው መጣ፤ ጣፋጩ አይደለም፣ ልጆች ሳይበስል በጨው የሚበሉት፣ ልጡ አካባቢ ያለው። ከዚያ ገብሱ፣ ቀጭን ሆኖ፣ እንደ እንጀራ እንፋሎት። ከዚያ ምንም። ሁሉም ነገር አለፈና ምላሴ ታጥቦ ቀረ፤ ሌላ ጠብታ ፈለገ።

ይህን አውቀዋለሁ። ጠላው ተቀድቶ ካለቀ በኋላ እናታችን በድፍድፉ ላይ ውሃ ጨምራ ታሳድረው ነበር። ቅራሪ ይባላል። ቀጭን ነው፣ ኮምጣጣ ነው፣ አያሰክርም፤ በአንገር ሙቀት በቆሎ ሲኮተኩቱ የሚጠጡት እሱን ነው። ዋናው ጠላ ለሽያጭና ለእንግዳ ነው፣ ቅራሪው ለእኛ። ጠላ ባለቀ ቀን እንግዳ ከመጣባት እናቴ አንገቷን ደፍታ ነበር የምታቀርበው፤ «ቅራሪ ነው እንግዲህ» ትላለች። ወንድሜ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ፣ ስንቱን ተምሮ፣ ሰው የሚሰለፍበት ያለው ነገር የእኛ የልጅነት መጠጥ ነው። ዞሬ አየሁት። እሱም እያየኝ ነበር። ለካ ያውቃል። መቼም ሊነግረኝ አልፈለገም፣ ቀምሼ እንድደርስበት ነው።

«ዋጥሽው?» አሉ ሰውዬው።

«ዋጥኩት።»

«ደግ።»

ጣዕሙ እንዴት ነው ብለው አልጠየቁኝም። እኔ ግን ቢጠይቁኝ ብዬ መልሱን አዘጋጅቼ ነበር፦ ማንጎው ጥቂት አንሷል፣ ኩምጥናው ግን ልክ ነው፣ አንድ ቀን ቢቆይ ይበላሽ ነበር። ማንም የፈለገው ጉሮሮዬን እንጂ አስተያየቴን አልነበረም።

ሰውዬው ብርጭቆውን አነሱና ግማሹን ጠጡ። ፊታቸው ወደ አፍንጫቸው ተሰበሰበ።

«ይሄ ኮምጧል።»

«መኮምጠጡ ነው ሥራው፣ ኦቦ፣» አለ ወንድሜ።

«የኮመጠጠ ፈርሶ፣ እናንተ ጠላ የምትሉትን፣ ለበሬ የምትደፋ ሴት አውቃለሁ። ኮመጠጠልኝ ብሎ ከዘመድ ቤት ጠርቶ የሚያጠጣ አንተን አየሁ።» ቀሪውን ጠጡ። ባርኔጣቸውን ከግራ ጉልበት ወደ ቀኝ አዛወሩ። ከዚያ ወደ እኔ ሳያዩ ብርጭቆውን ዘረጉ።

ቀዳሁላቸው። ደግሞ መዳፌን አጎደጎድኩ፤ «አንዴ ይበቃል» አሉ።

ሁለተኛውን ቀስ ብለው ጠጡ። በሦስተኛው «ሙቀቱ ነው እንጂ» አሉ። የጠየቃቸው አልነበረም።

«ለጾመኛ ይሆናል?» አሉ ቀጥለው። «ሰሞኑን ጾም ይገባል። ግማሹ ደንበኛዬ ጾመኛ ነው።»

ወንድሜ አፉን ሲከፍት ቀደምኩት። «ከእርጎ የወጣ አጓት አለበት። ለጾመኛ አይሆንም።»

ሰውዬው ብርጭቆውን አቆሙ። «ይቺ እህትህ ከእኔ ጋር ናት ወይስ ከአንተ?»

«መጽሐፍ ቤት ነው የምትሠራው፣» አለ ወንድሜ፣ ይህ ሁሉን እንደሚያስረዳ። «ያለ አጓትም ይሠራል፣ ኦቦ። ብቅሉ ራሱ ሲቆይ ይኮመጥጣል። ትንሽ ቀን ይፈጃል እንጂ።»

«እንግዲያው እንደዚያ ሥራው።» ተነሱ፤ ባርኔጣቸውን አደረጉ። «ነገ ዕቃህን ይዘህ ና። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ በርሜልህ ከተኛባት አንተ ትቆማለህ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አዴ፣ አንቺ ደግሞ የምንጀምር ቀን መጥተሽ በሰው ፊት ቅመሺልን። የአንቺን መሳይ ሴት ስትቀምሰው ያየ ሰው ይጠጣዋል።»

«ላኪ፣» አሉ አማቴ።

አይሆንም ማለት ነው፤ ሰውዬውም ደግመው አልጠየቁም። «ቶሌ፣» አሉ፣ እሺ እንደማለት፤ ዘመዳቸውን ስመው ወጡ። ወንድሜ ሊሸኛቸው ተከተለ። ከአጥሩ ውጭ ሲስቅ ይሰማኝ ነበር።

ሳሎን ውስጥ ሁለታችን ቀረን። ጆጉ በእጄ ነው፤ የት እንደማስቀምጠው አላወቅኩም። የአማቴ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ አልቻልኩም፤ ይዤው መውጣትም መሸሽ መሰለኝ። አማቴ ተነሱ። ወደ ጓዳ ገብተው የእጅ ማስታጠቢያውንና ውሃ የሞላውን ጣሳ ይዘው መጡ። በዚህ ቤት በኖርኩበት ዘመን ሁሉ አማቴን የማስታጥባቸው እኔ ነኝ። ጆጉን ከእጄ ወስደው ወለሉ ላይ አስቀመጡት።

«አምጪ።»

«ሃርሜ፣ እኔ ራሴ—»

«እጅሽን አምጪ።»

ግራ እጄን ዘረጋሁ። ውሃውን በቀጭኑ እያንጠባጠቡ መዳፌ ላይ አፈሰሱ። እንደ ልጅ እጅ በአውራ ጣታቸው መሐሉን አሹት። ቀና ብዬ ፊታቸውን ለማየት ድፍረት አልነበረኝም። የሚያዩት ጣቶቼን ነበር።

«ምን ይመስላል?» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም።

«ቀምሰሻል አይደለም? ምን ይመስላል?»

«ቅራሪ ይመስላል። የፈርሶ ሁለተኛ ውሃ፤ እናቴ ለአራሚዎች የምትሰጠው።»

አማቴ ጥቂት ውሃ ጨመሩ። «እኔም እሱን ነበር የምወደው፣» አሉ፣ «ጌታን ሳላገኝ። ዋናው ያፍነኝ ነበር።» ከዚያ ፎጣውን ሰጡኝና በዚያው ድምፅ፣ ከፍ ሳያደርጉት እንደ ሠርጌ ሰሞን፣ «ልጁ እዚህ ከተማ መቅረቱ ጥሩ ነው። ያ መንገድ መንገድ አይደለም። ግን ያንን እየሸተተ እዚህ ግቢ አይምጣ። አንቺም በሆቴሉ በር አትግቢ፣» አሉኝ።

«እሺ፣ ሃርሜ፣» አልኩ።

ሁሉንም ሰጥተውኛል። ወንድሜን አላባረሩብኝም፣ እኔን በሰው ፊት አላዋረዱኝም፣ እጄን በእጃቸው አጥበዋል። ከእንዲህ ያለ ሴት ጋር በምን ቃል ይጣሏል?

ሐሙስ ጠዋት የጭነት መኪኖቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ በአስፋልቱ ወረዱ። ወንድሜ አልተሳፈረም። በባጃጅ በርሜሉን አቅፎ ወደ ሆቴሉ ሄደ፤ ጋቢዬን አጥቦ በአጥሩ ላይ አስጥቶልኝ ነበር። ከቤታችን እስከ ሆቴሉ አንድ ሰው ሳይቸኩል ሄዶ ሻይ ሳይቀዘቅዝበት ይመለሳል። እኔ ግን በዚያ በር አልገባሁም። እሱም ሁልጊዜ ይሸታልና አይመጣም። በስልክ እንነጋገራለን፣ ኔትዎርክ ሲኖር። «አብሽሪ» ይለኛል፤ ከኋላው ወንበር ሲጎተት፣ ሰው ሲጣራ ይሰማል። መንገዱ አንዳንዴ ይከፈታል፣ ከዚያ ይዘጋል። አባታችንን እስካሁን አላየውም።

ከሰዓት ቤተ መጻሕፍቱን ቆልፌ ስመለስ መንገዴ በሆቴሉ ፊት ነው። በማዶኛው ጠርዝ፣ ከጫማ ጠራጊዎቹ ኋላ እሄዳለሁ። ያንን ሰዓት ወንድሜ ያውቀዋል። በረንዳው ላይ ሽርጡን ታጥቆ፣ ጆጉን ይዞ፣ ለደንበኞቹ ሲቀዳ አገኘዋለሁ። ሲያየኝ ብርጭቆውን ከመሙላቱ በፊት ግራ መዳፉን ያጎደጉዳል፤ ጠብ ያደርግና ፊቱን ወደ አስፋልቱ እንዳደረገ ይቀምሳል። ከዚያ ራሱን ወደ ጎን ዘንበል ያደርጋል፤ ዛሬ ጥሩ ወጥቷል ወይም ዛሬ ማንጎው አንሷል ማለቱ ነው፤ በርቀት ሁለቱን መለየት ተምሬአለሁ። እኔ እጄን አላነሳም። መጽሐፌን ደረቴ ላይ አጣብቄ አልፋለሁ፤ እስከ ግቢያችን በር ድረስ አፌ ውሃ ይሞላል።